ሆስፒታሉ አለ፤ ሌሊቱን ግን ማን አለ?

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ ቢቡኝ ወረዳ አንዲት የገጠር ቀበሌ የማስተምር መምህር ነኝ። ባለቤቴ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። ቀኗ ነሐሴ መጀመሪያ ነው ተብላለች። የመጀመሪያ ልጃችንን ከሦስት ዓመት በፊት በኦፕራሲዮን ነው የወለደችው። ጤና ጣቢያው ‹አንቺ እዚህ አትወልጂም፣ ሆስፒታል ሂጂ› ብሏታል። ባለፈው ወር ደግሞ የጎረቤታችን ሚስት ምጥ ይዟት በሌሊት አንድ ሆስፒታል ደረሰች። ‹ማደንዘዣ የሚሰጥ የለም› ተብላ ወደ ሌላ ተላከች። ልጁ አልተረፈም። ሕንፃው አለ፣ ሐኪምም አለ ይባላል። ታዲያ እንዴት አገልግሎት የለም ይባላል? አንድ ሆስፒታል ለወላዶች ስንት ባለሙያ ሊኖረው ይገባል? እኛስ ምን እናድርግ?»

ምላሽ፦

ወንድም ዓለም፣ በቅድሚያ ለጎረቤቶችህ እግዚአብሔር ያጽናቸው። ዘጠኝ ወር ተሸክሞ ባዶ እጅ ወደ ቤት መመለስ ከባድ ሐዘን ነው።

የጠየቅኸኝ ብዙ ነው። ጊዜ የማይሰጠውን ላስቀድም። ባለቤትህ ምጧን ቤቷ ሆና መጠበቅ የለባትም። ከቀኗ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላ፣ ኦፕራሲዮን ሌትም ቀንም የሚሠራበት ሆስፒታል አጠገብ መገኘት አለባት። ሌላውን ሁሉ ለማንበብ ጊዜ ባታገኝ እንኳ ይህቺን ያዝልኝ።

አሁን ወደ ጥያቄህ ልመለስ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ አንዲት እናት በኦፕራሲዮን እንድትወልድ ማን ማን መንቃት እንዳለበት ልንገርህ። መጀመሪያ ቀዶ ሕክምናውን የሚሠራው አለ። በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሎች ይህ ሰው ብዙ ጊዜ የማኅፀንና ጽንስ ስፔሻሊስት አይደለም። የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያ ነው። እነዚህ ባለሙያዎች ከ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ወዲህ በማስተርስ ደረጃ ሦስት ዓመት እየሠለጠኑ የሚወጡ ናቸው። ስፔሻሊስት በማይደርስበት ወረዳ የብዙ እናቶችን ነፍስ ያተረፉ ሰዎች ናቸው፤ የሚገባቸውን ያህል ምስጋና ያገኙ አይመስለኝም። ቀጥሎ የማደንዘዣ ባለሙያው አለ። መሣሪያ የሚያቀብል ነርስ አለ። የጎደለውን እየሮጠ የሚያመጣ ሌላ ነርስ አለ። ሕፃኑን ተቀብላ የምታስተነፍስ አዋላጅ አለች። የሚሰጣት ደም ከእሷ ደም ጋር መስማማቱን የሚያመሳክር የላብራቶሪ ባለሙያ አለ። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር የሚያስነሳ ሰውም አለ። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ሥራው ይቆማል። በተለይ ማደንዘዣ ከሌለ የቀሩት ሁሉ ተሰልፈው ቢቆሙም ቢላዋ አይነሳም።

«ሐኪም አለ» የሚለውም ወሬ ስለዚህ ብዙ አይነግርህም። ውሸት አይደለም። ሐኪሙ አለ፤ ቡድኑ ግን የለም።

ቁጥሩን ደግሞ አብረን እናስላው፤ አንተ መምህር ነህ፣ ወዲያው ይገባሃል። ሳምንት 168 ሰዓት አለው። አንድ የመንግሥት ሠራተኛ በሳምንት ወደ 40 ሰዓት ይሠራል። ስለዚህ አንድ የሥራ ቦታ ሌትና ቀን ሰው እንዳይጎድልበት ከአራት ሰው በላይ ይፈልጋል። የዓመት ፈቃድ አለ፣ ሕመም አለ፣ ሥልጠና አለ፣ ሐዘን አለ። አዋላጆቻችን ራሳቸውም ይወልዳሉ፤ በሕጉ 120 ቀን የወሊድ ፈቃድ አላቸው። ይህን ሁሉ ስትጨምርበት ለአንድ ቦታ አምስት ሰው ያስፈልጋል ብለህ ያዝ። አምስት ሰው ተቀጥሮ በማንኛውም ሰዓት የምታገኘው አንድ ሰው ነው።

እስቲ ይህን ወደ ማደንዘዣ ውሰደው። አንድ ሆስፒታል ሁለት የማደንዘዣ ባለሙያ ብቻ አለው እንበል። እያንዳንዳቸው በሳምንት 84 ሰዓት መጠራት አለባቸው ማለት ነው። አንዱ ለቅሶ ሄደ። የቀረው ሰኞ ጠዋት ገብቶ እስከሚቀጥለው ሰኞ ጠዋት ተረኛ ሊሆን ነው። ሰው ነው፤ ይደክመዋል፣ ይታመማል፣ ልጅ አለው። እሱ ከታመመ ግን ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ሆስፒታሉ ለኦፕራሲዮን ዝግ ነው። የጎረቤትህ ሚስት የገጠማት ይህን የመሰለ ሌሊት ይመስለኛል። በሩ ክፍት ነው፣ መብራቱ በርቷል፣ ዘበኛው አለ። የሚያድናት ሥራ ግን የለም።

የአዋላጆቹ ጉዳይ ከዚህ ይለያል። እዚያ ጨርሶ ሰው ጠፋ አይባልም፤ ያለው ሰው አይበቃም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2005 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት ለ175 ወሊድ በዓመት አንድ አዋላጅ የሚል መለኪያ አስቀምጧል። በዚህ ሒሳብ በዓመት 1750 እናቶች የሚወልዱበት ሆስፒታል 10 አዋላጅ ይፈልጋል። አሁን ያን የአምስቱን ስሌት አምጣው። 10 አዋላጅ ማለት በየትኛውም ሰዓት ሁለት ሰው ማለት ነው። ሁለት ሰው ለምጥ ክፍሉ፣ ለወለዱት፣ ለድንገተኛዋ፣ ኦፕራሲዮን ክፍል ሕፃን ለመቀበልም። መለኪያው ሞላ ተብሎ እንኳ ሌሊቱ ይህን ይመስላል።

የምጥ ክትትል ምን እንደሚጠይቅ ላሳይህ። በትክክል ምጥ የጀመራት እናት የጽንሱ የልብ ምት በየ30 ደቂቃው አንድ ሙሉ ደቂቃ ይቆጠራል። ምጡ በ10 ደቂቃ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደመጣና ስንት ሰኮንድ እንደቆየም በየ30 ደቂቃው ይለካል። አዋላጇ እጇን ሆድ ላይ አድርጋ፣ ሰዓቷን እያየች፣ 10 ደቂቃ ትቆማለች ማለት ነው። ከዚያ ፓርቶግራፉ (የምጥ መከታተያ ቅጹ) ላይ ትጽፋለች። አሁን አንድ አዋላጅ አራት እናት ይዛለች እንበል። 4 ጊዜ 10፣ 40 ደቂቃ ነው። ያላት ጊዜ ግን 30 ደቂቃ ነው። ገና የልብ ምቱን አልቆጠረችም። የደም ግፊት አልለካችም። አንዷ ማማጥ ከጀመረች ደግሞ ከአጠገቧ መነቃነቅ የለም፤ የልብ ምቱም ቶሎ ቶሎ መሰማት አለበት። ሦስቱ ያለ ሰው ቀሩ።

አንዳንድ ቦታ ፓርቶግራፉ ሁሉም ነገር ካለፈ በኋላ ይሞላል። ይህን ሳይ እናደዳለሁ። ስሌቱን ሳስበው ደግሞ አዋላጇን ለመቆጣት አፌ አይከፈትም። ጥፋቱ በእሷ ብዕር ላይ አይደለም፤ አንድ ሰው በአራት አልጋ ላይ በመመደቡ ነው። እናቶቻችን «ጮኸችብኝ፣ ሰደበችኝ» የሚሉት ቅሬታ ግን ሌላ ነው። ምጥ ላይ ያለች ሴትን ማመናጨቅ የሥራ ብዛት አያስተሰርየውም። የሥራ ባልደረቦቼ ይህን ካነበቡም ይህንኑ ነው የምላቸው።

«ድሮስ እንዴት ነበር?» ብለህ ትጠይቀኝ ይሆናል። ድሮ ሆስፒታል የሚመጣው ጥቂት ሰው ነበር። በ1992 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገሪቱ በጤና ተቋም የሚወልዱት ከመቶ አምስት ያህል ነበሩ። በ2008 ዓ.ም. ከመቶ 26 ደረሱ። በ2011 ዓ.ም. ወደ ግማሽ ተጠጉ፤ 48 ከመቶ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቤት ለቤት ዞረው፣ ካህናቱ አውደ ምሕረት ላይ ተናግረው፣ አምቡላንስ በየወረዳው ተገዝቶ የመጣ ለውጥ ነው። በወሊድ ምክንያት የሚሞቱ እናቶች ቁጥርም ወርዷል። በ1992ቱ ጥናት ከ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት 871 ነበር፤ በ2008ቱ 412 ሆነ። አሁንም በጣም ብዙ ነው፤ ቢሆንም ትልቅ ነገር ነው። እናቶችን «ቤት አትውለዱ፣ ኑ» አልናቸው። እነሱም መጡ። የሌሊት ተረኛው ቁጥር ግን በዚያው ልክ አላደገም። ሕንፃ ለመገንባት አንድ ጊዜ የሚመደብ በጀት ይበቃል። የሌሊት ተረኛ ግን በየወሩ፣ በየዓመቱ፣ ያለ ማቋረጥ የሚከፈል ደመወዝና ዲውቲ (የተረኝነት ክፍያ) ነው። የሚመረቀው ሕንፃው ነው፤ የሌሊት ተረኛ ዝርዝር ላይ ሪባን የሚቆርጥ የለም።

በዚህ ላይ የሰው መልቀቅ አለ። አንድ ስፔሻሊስት ከሕክምና ትምህርቱ በኋላ ሌላ አራት ዓመት ተምሮ ነው የሚወጣው። ትንሽ ከተማ ላይ ብቻውን ሲመደብ በየሌሊቱ እሱ ነው የሚጠራው። የዲውቲ ክፍያ ወራት ሲዘገይበት፣ ልጁን የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ሲያጣ፣ ወደ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ይሄዳል። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች በመላ አገሪቱ ድምፃቸውን ያሰሙት ስለዚሁ ስለ ደመወዝና ስለ ዲውቲ ክፍያ ነበር። እኔ ብቻውን የተመደበ ሰው አይቆይም ባይ ነኝ። ማደንዘዣም ይሁን ቀዶ ሕክምና፣ ቢያንስ ሁለት ሁለት፣ ቢቻል ሦስት ሦስት ካልተቀጠረ ገንዘቡ ይባክናል። አንድ ሰው ቀጥሮ «አገልግሎት ጀመርን» ማለት እናቶችን ያዘናጋል። በሌለ አገልግሎት ላይ ተማምነው ይመጣሉ፤ ሌላ ቦታ ሊደርሱበት የሚችሉበትን ሰዓት እዚያ በር ላይ ይጨርሳሉ።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን በአማራ ግጭት ከተነሳ ወዲህ ደግሞ ሌሊቱ የበለጠ ከብዷል። መንገድ ይዘጋል። የአምቡላንስ ሾፌር ወጥቶ ለመመለስ ይፈራል። ሰዓት እላፊ ባለበት ከተማ ተረኛውን ከቤቱ በስልክ ጠርቶ ማምጣት አይታሰብም። ስለዚህ አሁን ዋናው ጥያቄ ተረኛው የት ያድራል የሚለው ነው። ግቢ ውስጥ የሚያድር ከሆነ አገልግሎቱ አለ። ከቤቱ የሚጠራ ከሆነ በወረቀት ብቻ ነው ያለው።

ሪፈር፣ ማለትም ወደ ሌላ ሆስፒታል መላክ የሚባለውም ነገር ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። በደንቡ፣ የሚልከው ሆስፒታል መጀመሪያ ወደሚቀበለው ይደውላል። ለእናትየዋ ግሉኮስ ይተከላል። መድኃኒቷ ተሰጥቶ ወረቀቷ ተጽፎ አንዲት አዋላጅ አብራት ትሄዳለች። እንግዲህ ሌሊት ሁለት አዋላጅ ካለ አንዷ አምቡላንስ ላይ ወጣች ማለት ነው። የቀሩት እናቶች ለአንዷ ተተዉ። አዋላጇ እንዳትሄድ ቢደረግ ደግሞ ምጥ ላይ ያለች ሴት ከሾፌርና ከባሏ ጋር ብቻ ጮቄን ወይም የአባይን በረሃ ልታቋርጥ ነው። ሁለቱም መንገድ ሰው ይጎዳል።

ሆስፒታሎቹ በደረጃ እንደሚለያዩም ማወቅ ይጠቅምሃል። የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000 ሰው እንዲያገለግል የታሰበ ነው። አጠቃላይ ሆስፒታል ከ1 እስከ 1.5 ሚሊዮን፣ ስፔሻላይዝድ ደግሞ ከ3.5 እስከ 5 ሚሊዮን። ጤና ጣቢያ ከኦፕራሲዮንና ከደም በስተቀር ለወላድ የሚያስፈልገውን መሠረታዊ ድንገተኛ ሕክምና መስጠት አለበት፦ በመርፌ የሚሰጥ አንቲባዮቲክ፣ ማኅፀን የሚያኮማትር መድኃኒት፣ የደም ግፊቷ ከፍ ብሎ እንዳያንቀጠቅጣት ማግኒዚየም ሰልፌት፣ የቀረ እንግዴ ልጅ ማውጣት፣ በመሣሪያ አግዞ ማዋለድ፣ ሕፃን ማስተንፈስ። ኦፕራሲዮንና ደም የሆስፒታል ሥራ ናቸው። በእኛ አካባቢ ስፔሻላይዝድ የሚባሉት ደብረ ማርቆስ፣ ባሕር ዳር ላይ ደግሞ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ናቸው። ሞጣና ፍኖተ ሰላም አጠቃላይ ሆስፒታል አላቸው።

አሁን ወደ ባለቤትህ። ጤና ጣቢያው ትክክል ነው ያላት። አንድ ጊዜ በኦፕራሲዮን የወለደች ማኅፀን ጠባሳ አለበት። በምጥ ጊዜ ያ ጠባሳ ሊቀደድ ይችላል። ዕድሉ ብዙ አይደለም፤ አንድ ጊዜ ብቻ በታችኛው የማኅፀን ክፍል ወደ ጎን ከተቆረጠ ከመቶ አንድ አይሞላም። ሲከሰት ግን የምታገኘው ጊዜ በደቂቃ የሚቆጠር ነው። ስለዚህ «በምጥ መውለድ ትችላለች ወይ?» ከሆነ ጥያቄህ፣ ብዙዎቹ ይችላሉ። ከሞከሩት ከመቶ 60 እስከ 80 ያህሉ በሰላም ይወልዳሉ። የሚሞከረው ግን ኦፕራሲዮን ክፍሉ ዝግጁ ሆኖ በሚጠብቅበት ቦታ ብቻ ነው።

ቁልፉ የድሮው ወረቀት ነው። ከሆስፒታል ስትወጣ የተሰጣት ማጠቃለያ ላይ ሁለት ነገር ፈልግ። አንዱ ለምን ኦፕራሲዮን እንደተሠራላት ነው። ልጁ በመቀመጫው መጥቶ ከነበረ ወይም የልብ ምቱ ስለወረደ ከሆነ ያ ዘንድሮ ላይደገም ይችላል። ዳሌዋ ጠቦ ልጁ አላልፍ ብሎ ከሆነ ግን ሐኪሟ በቀጥታ ቀጠሮ ይዞላት በ39ኛው ሳምንት አካባቢ ቢሠራላት ይመርጥ ይሆናል። ሁለተኛው ማኅፀኗ እንዴት እንደተቆረጠ ነው። ከላይ ወደታች ተቆርጦ ከሆነ ምጥ ጨርሶ መጀመር የለበትም። ከላይ ቆዳዋ ላይ ያለው ጠባሳ ይህን አይነግርህም፤ ቆዳው ወደ ጎን ተቆርጦ ማኅፀኑ ወደታች ሊሆን ይችላል። ወረቀቱ ከጠፋ ያኔ የወለደችበት ሆስፒታል ካርድ ክፍል ሄደህ በካርድ ቁጥሯ አስፈልግ። ይህን ሥራ ለዚህ ሳምንት ያዘው፤ አይደር።

ቀጠሮ ተይዞላት በቀን ብትሠራ የሌሊቱ ጣጣ ሁሉ ይቀራል። ቡድኑ ሙሉ ነው፣ ደም ቀድሞ ይዘጋጃል፣ መብራትም ቢጠፋ ሰው አለ። ምጥ እንሞክር ከተባለም ጥሩ፤ ግን ከተማ ውስጥ ሆና።

የትኛው ሆስፒታል? ከእናንተ አካባቢ ሰው ወይ ወደ ሞጣ ይወርዳል፣ ወይ ጮቄን ተሻግሮ በሮብ ገበያ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ ይሄዳል። ነሐሴ ላይ ጮቄ ጭጋግና ጭቃ እንደሆነ ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። ምጥ ከጀመራት በኋላ በሌሊት የሚታለፍ መንገድ አይደለም። የተረኛ ዝርዝር በየወሩ ስለሚለዋወጥ ወሬ ሰምተህ አትወስን። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ አንድ ቀን ወጪ አውጥተህ፣ እሷንም ለክትትል ይዘህ፣ ራስህ ሂድ። የምጥ ክፍሉን አስተባባሪ አዋላጅ ፈልጋት። እንዲህ ብለህ ጠይቃት፦ «እህቴ፣ ባለቤቴ ከዚህ በፊት በኦፕራሲዮን የወለደች ናት። ማደንዘዣ የሚሰጡት ስንት ናቸው? ሌሊት ተረኛው እዚሁ ግቢ ነው የሚያድረው? በዚህ ወር ኦፕራሲዮን ያልተሠራበት ሌሊት ነበር? የእሷ ዓይነት ደም ማቀዝቀዣችሁ ውስጥ አለ?» ይህን ብትጠይቅ ማንም አይቆጣህም። እንዲያውም አዋላጇ ለራሷ እህት የምትመክረውን ትነግርሃለች። «ሌሊት እንልካለን» ካለችህ መልሱን አገኘህ። ስልኳን ወይም የክፍሉን ስልክ ተቀበል። የወረዳውን የአምቡላንስ ሾፌር ስልክም አብረህ ያዝ፤ ሚስጥር አይደለም፣ የጤና ኤክስቴንሽኗ አላት።

የእናቶች ማቆያ፣ እናቶች ቀናቸው እስኪደርስ የሚቆዩበት ቤት፣ ጥሩ ነገር ነው፤ ገንፎውም ቡናውም አለ፣ ሰው አለ። ለባለቤትህ ግን የጤና ጣቢያው ማቆያ አይሆንም። ምጥ እዚያ ቢጀምራት እንደገና መንገድ ነው። የሆስፒታል ማቆያ ከተገኘ እሱ፣ ካልሆነ ከተማ ላይ ያለ ዘመድ ቤት ወይም ለሁለት ሳምንት የምትከራዩት አንድ ክፍል። የመጀመሪያ ልጃችሁን ማን እንደሚይዝ አሁኑኑ ተነጋገሩ። ብዙ እናቶች ከማቆያ የሚመለሱት የቤቱ ነገር አላስቀምጥ እያላቸው ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ የእርግዝና ክትትል፣ ወሊድና ድህረ ወሊድ በመንግሥት ተቋም ነፃ ነው። ሆኖም ግሉኮስ ወይም መድኃኒት ሲያልቅ «ከውጭ ግዙ» መባሉ አይቀርም፤ ትንሽ ያዙ። የጤና መድን ካርዳችሁንም አሳድሱ። ይህ መድን በ2003 ዓ.ም. አካባቢ ሲሞከር ከጀመሩት ወረዳዎች አንዱ የእኛው ደቡብ አቸፈር ነበር።

ስለ ደም ልጨምር፤ የእናቶች ገዳይ ዋናው ደም መፍሰስ ነው። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ማኅፀን የሚያኮማትረው ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ቅዝቃዜ ካልተቀመጠ ኃይሉን ያጣል፤ መብራት በሚጠፋበት አገር ይህ ቀላል አይደለም። አንተ ልታደርገው የምትችለው ግን አለ። አሁን ደሟን አስመርምር። ሄሞግሎቢኗ ከ11 በታች ከሆነ የደም ማነስ አለባት፤ ገና ጊዜ አለ። የብረት ኪኒኗን ሳታቋርጥ ትውሰድ። ኪኒኑን ከቡናና ከሻይ ጋር አትውሰደው፤ ያከሽፈዋል። ፍልሰታ እየመጣ ነውና የንስሐ አባቷን ታነጋግር፤ ነፍሰ ጡር መሆኗን ሲያውቁ መፍትሔ አያጡም። ከቤተሰብ ሁለት ሦስት ጤነኛ ሰዎች ደም ለመስጠት ተዘጋጅተው አብረዋት ቢሆኑ ደግሞ እንዴት በጎ ነው።

አንድ ነገር አደራ። ሆዷን የሚያሽ ሰው አታስነኳት። ምጥ ያፋጥናል የተባለ ሥር አትጠጣ። የትም ቦታ «አንዲት መርፌ ልውጋሽና ቶሎ ትገላገያለሽ» የሚል ሰው ቢመጣ እምቢ በሉ። ጠባሳ ያለበትን ማኅፀን ያለ ቁጥጥር ማስማጥ ራሱ ሊቀደው ይችላል። ምጡ ሄድ መጣ ማለቱን ትቶ ሕመሙ ካላባራ፣ ደም ካየች፣ የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ፣ የሽርት ውሃ ከፈሰሰ፣ ራሷን ካዞራት፣ ብርቱ ራስ ምታት ካመጣባት ወይም ዓይኗ ከተጭበረበረ «እስኪነጋ እንይ» የሚባል ነገር የለም። አምቡላንስ ካልመጣ በቃሬዛ፤ ሰፈሩ ይህን ያውቅበታል።

ስለ ጎረቤታችሁና ስለሚመጡት እናቶች ደግሞ አንተ እንደ መምህር የምትሠራው ሥራ አለ። ሆስፒታሎቻችን የሥራ አመራር ቦርድ አላቸው፤ የሕዝብ ተወካይም ይቀመጥበታል። ተወካያችሁ ማን እንደሆነ ጠይቅ። ስብሰባ ላይ ስንት እናት ወለደች የሚለው ሪፖርት ይነበባል፤ ጥሩ ነው። ተወካዩ ግን ይህን ይጠይቅልን፦ «ባለፈው ወር ኦፕራሲዮን ክፍሉ ስንት ሌሊት ተዘጋ? በማን መጉደል?» ይህ ቁጥር በየወሩ ከተጻፈ ወረዳውም ዞኑም ለማደንዘዣ ሰው በጀት ሲጠየቅ የሚያሳየው ነገር ይኖረዋል። ለተረኛ ማደሪያ ሁለት ክፍል ማዘጋጀት፣ አልጋና ብርድ ልብስ ማስገባት፣ ሌሊት ትኩስ ነገር እንዲያገኙ ማድረግ ደግሞ ሕዝቡ ራሱ የሚችለው ነው። ኦፕራሲዮን ክፍሉ የሚዘጋበት ሌሊት ካለም ይነገር፦ አምቡላንሱ ከጤና ጣቢያ ሲነሳ ሆስፒታሉ «ዛሬ ሌሊት አንችልም፣ በቀጥታ እለፉ» ማለት አለበት። ለዚህ አንድ ስልክ ይበቃል። ምናልባት ለጎረቤትህ ልጅ ይህ ስልክ ጊዜ ይገዛለት ነበር።

ወረቀቷን ስታገኝ ስሟንና ካርድ ቁጥሯን ሸፍነህ፣ የኦፕራሲዮኑን ምክንያትና የአቆራረጡን ዓይነት ብቻ ጻፍልኝ። የመጨረሻ የወር አበባዋ የመጣበትን ቀንና የመጀመሪያውን አልትራሳውንድ ውጤትም ጨምርበት፤ ቀኗ በትክክል ተቆጥሮ እንደሆነ አብረን እናየዋለን። እሷን ማርያም ትቅረባት። እስከዚያ የሐምሌውን ጉዞ ቀን ቁረጥ።